ከፉጨቱ በፊት

የጋሽ እሸቴን መርዶ የሰማሁት ደባርቅ፣ የጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሜ ነው። ከጎንደር ከመጣው አውቶቡስ የወረዱ አንዲት ሴትዮ "ስንዱ የምትባል የላብራቶሪ ሠራተኛ እዚህ አለች?" ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። ፊቴን አየት አደረጉና "መምህር አስናቀ ልኮኝ ነው። የፋርማሲው ጋሽ እሸቴ አርፈዋል፤ ተቀብረዋልም" አሉኝ። አንጀቴን የቆረጠው "ተቀብረዋልም" ማለታቸው ነው። ወደ ደባርቅ ከተዛወርኩ ወዲህ የጎንደር ወሬ የሚደርሰኝ ካረጀ በኋላ ነበር፤ የእሳቸው ሞት ግን እንዲህ ይደርሰኛል ብዬ አላሰብኩም።

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በለቅሶዬ መሃል ደግሞ ሳቅ አመለጠኝ። ጋሽ እሸቴ ይህን ቢሰሙ "ለስንዱማ መርዶውም እንደ ሙዚቃ ሸክላ በድጋሚ እትም ነው የደረሳት" ይሉ ነበር። ሴትየዋ ያበድኩ መስሏቸው ጓዛቸውን አንስተው ሄዱ።

ጎንደር ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ በተቀጠርኩ ጊዜ ጋሽ እሸቴ የፋርማሲው ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። በፋርማሲው መስኮት መድኃኒት ሲሰጡ "ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። ምን አልኩህ?" ይላሉ። በሽተኛው ካልደገመላቸው ብልቃጡን አይለቁለትም። ውሸት አይችሉበትም ነበር፤ ለይሉኝታ የምትሆን ትንሿን ውሸት እንኳ። አንድ ሐኪም አዲስ ክራቫት አስሮ "እንዴት ነው ጋሽ እሸቴ?" ቢላቸው "ቀለሙ የሳል ሽሮፕ ይመስላል" ብለውት ክራቫቱ ከዚያ ቀን በኋላ ሆስፒታል አልመጣም።

ቤታቸው ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ በጣልያን ጊዜ የተሠራ ግድግዳው ወፍራም ቤት ነበር። እኔ በዚያው ግቢ አንዲት ክፍል ከቀበሌ ደረሰችኝና ጎረቤታቸው ሆንኩ። ያን ጊዜ ነው ሌላውን ጋሽ እሸቴን ያወቅኋቸው። ሰውየው ሸክላ ይሰበስባሉ። ሸክላ ሲባል ደግሞ የመጣውን ሁሉ አይደለም፤ የፊልም ሙዚቃ ብቻ። የህንድ ይሁን የጣልያን ካውቦይ፣ ፊልሙን ይዩት አይዩት፣ ግድ የላቸውም። "ፊልሙ ሲያልቅ መብራት ይበራና ሰው ይበተናል። ሙዚቃው ግን ቤትህ ድረስ ይሸኝሃል" ይሉ ነበር።

ሸክላ የሚያጥቡት በዝናብ ውሃ ነው። ክረምቱ ገብቶ ጣሪያው በደንብ ከታጠበ በኋላ የሚወርደውን ውሃ ይቀበሉና አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በጥጥ ያጠሉታል። የሆስፒታሉ የተጣራ ውሃ ቁልፍ እጃቸው ላይ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ቤታቸው ገብታ አታውቅም። "እሱ የበሽተኛ ውሃ ነው" ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ በዚህ ይስቁባቸው ነበር። "እኔን በእንዲህ ያለ ውሃ አጥቦኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ልጃገረድ ነበርኩ" ሲሉ ጋሽ እሸቴ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ።

የእሳቸው ቤት በከተማው ስም ያወጣው ግን በሸክላው ብዛት አልነበረም፤ በፍርዱ ነው። የድሮዎቹ ሸክላዎች ከአብዮቱ በፊት በአስመራ በኩል የገቡ ነበሩ። በየቡና ቤቱ ሲዞሩ ኖረው ተፋፍቀው አለቁ። በኋላ እንደገና የታተሙት አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ። ሽፋናቸው ያብረቀርቃል፤ ድምፃቸው ግን አንዳንዱ ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ሸክላ የሚገዛ ሰው ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት "ጋሽ እሸቴ ምን አሉ?" ይል ነበር።

ፍርድ የሚሰጠው እሁድ ከሰዓት፣ የቀበሌው የውይይት ክበብ ካለቀ በኋላ ነው። የጋሪውና የገበያው ድምፅ እንዳይገባ መስኮት ይዘጋል። መጀመሪያ ነባሩ ሸክላ ይሰማል፣ ከዚያ አዲሱ፣ ከዚያ እንደገና ነባሩ። እስኪያልቅ ድረስ ቆሎ መቆርጠም ክልክል ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ አስናቀ አንዴ ረስቶ አንዲት ሽምብራ ቢሰብር ሸክላው ከመጀመሪያው ተጀምሯል። ጋሽ እሸቴ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው ይሰማሉ። ሲጨርሱ ከሦስት ቃል አንዱን ይሰጣሉ፤ "ጤነኛ ነው"፣ "ያቃስታል" ወይም "ሞቷል"።

አንድ እሁድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ራሱ ከአዲስ አበባ ያመጣውን የህንድ ፊልም ሸክላ ይዞ መጣ። በዚያ ዘመን እሱ ሲገባ ሰው ሳይታዘዝ ይነሳ ነበር። ተሰማ። ጋሽ እሸቴ ዓይናቸውን ከፈቱና "ሞቷል" አሉ።

"እንዴት ጓድ እሸቴ? አዲስ እኮ ነው!" አለ ሊቀመንበሩ።

"አዲስ መሆኑን አየሁ። ዘፋኟን ግን አፏን አፍነው ነው ያዘፈኗት።"

አስናቀ መሬት መሬት አየ። እትዬ ዘውዴ የሚሠሩትን ዳንቴል ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ ሸክላውን አገላብጦ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ነባሩ አለህ?" አለ። ነበራቸው፤ አዋሱት። መርፌውን እንዲቀይር አስጠንቅቀው፣ እንደ መድኃኒት አወሳሰዱን አስደግመው አዋሱት።

ከሸክላዎቻቸው ሁሉ የሚወዱት ግን አንድ የካውቦይ ፊልም ሙዚቃ ነበር። ፊልሙ በልጅነታችን ፒያሳ ሲኒማ ቤት ለወራት ታይቷል። መጀመሪያ ጊታር ብቻውን ይሄዳል፤ ከበሮ ቀስ ብሎ ይቀላቀለዋል፤ ከዚያ ከሩቅ ቀጭን ፉጨት ይመጣል። ጎንደር ውስጥ ያንን ፉጨት ያላፏጨ ወንድ የለም። በጋሽ እሸቴ ሸክላ ላይ ከፉጨቱ በፊት ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ የሚል ጭረት ነበረበት። እትዬ ዘውዴ ገና ሙሽራ ሳሉ አቧራ ሲጠርጉ የማጫወቻውን ክንድ ገጭተውት የተሠራ ጭረት ነው። ጋሽ እሸቴ ያኔ ለብዙ ቀን አኩርፈው ነበር አሉ። በኋላ ጭረቱን ለመዱት፤ ኳ ኳ ሲል ጣታቸውን ያነሱና ልክ ፉጨቱ ሲገባ "መጣ" ይላሉ። ሁልጊዜ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው፣ "መጣ"።

ይህ ሙዚቃ እንደገና ታትሞ ጎንደር የደረሰው ደሴ በሚባል ነጋዴ እጅ ነው። ደሴ የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ ፒያሳ ላይ ሬዲዮ የሚጠግንበትና ካሴት የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። ከአባቱ የወረሰውን በሬ ሸጦ አዲስ አበባ ወረደና ከዚያ ሸክላ አንድ ካርቶን ሙሉ ይዞ ተመለሰ። ቡና ቤቶቹ ሁሉ "ጋሽ እሸቴ ይስሙትና እንወስዳለን" ብለውታል። እሁድ ዕለት በአዲስ ጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ፀጉሩን በቅቤ ይሁን በቫዝሊን አስተኝቶ መጣ።

ነባሩ ተሰማ። ኳ፣ ኳ። "መጣ" አሉ ጋሽ እሸቴ። ከዚያ አዲሱ ተገጠመ። እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! ጊታሩ እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ይመስላል። ፉጨቱ ሲገባ ክንዴን ውርር አደረገኝ። አስናቀን አየሁት፤ እሱም ፈገግ ብሏል። ደሴማ በደስታ ሊነሳ ምንም አልቀረው።

ጋሽ እሸቴ ጣታቸው ግማሽ መንገድ ላይ ተነስታ ቀርታለች። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ፊታቸው ተቆጥቷል።

"ፉጨቱን ቆርጠው ጥለውታል" አሉ። "ሞቷል።"

ደሴ ነው ቀድሞ የተናገረው። "ኧረ ምነው ጋሼ! ፉጨቱማ አለ። ሸጋ ሆኖ አለ እኮ!"

"ደሴ፣ አንተ ነጋዴ ነህ። ነጋዴ እቃውን አይጠላም" አሉት፤ ነባሩን ሸክላ ሊያነሱ ተጠመዱ። አስናቀ የቆሎውን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ። እትዬ ዘውዴ ዳንቴላቸው ላይ አቀርቅረው ቀሩ።

የፒያሳ ወሬ እግር አለው። በማግስቱ "ፉጨት የሌለው ሸክላ" ተባለ። አንዱ ቡና ቤት ሰረዘ፣ ሌላው ቀጠሮ አራዘመ፣ ሌላው ደሴን ሲያይ ወደ ጓዳ ገባ። ሸክላውን አስገጥሞ ልስማው ያለ አንድ ሰው አልነበረም፤ ጋሽ እሸቴ ከሰሙ ሌላ ማን ይሰማል?

በዚያው ሳምንት ሱቁ ጎራ አልኩ። ደሴ መደርደሪያውን እያራገፈ ነበር። ሱቁን ዘግቶ አምባ ጊዮርጊስ ሊመለስ ነው። እዚያ ደግሞ የሚያርስበት በሬ የለውም፤ በሬው ሸክላ ሆኗል። "ለሰው አሰማቸው እንጂ! ፉጨቱ እንዳለ ይወቁ" አልኩት በንዴት።

"እኔስ አላጣሁትም" አለ። "በር ከፍቼ ብለቀው ፒያሳ ሁሉ ይሰማል። ግን ከሰማ በኋላ ምን ይላል? ጋሼ ደንቁረዋል ይላል። ተይ ስንዱ። እኔ ልክሰር። እኔ እርሻም አላጣ፣ የሰው በሬ ለምኜም አርሳለሁ። እሳቸው ያለ ጆሯቸው ምን አላቸው?"

ይህን ሲለኝ እንባዬ መጣ። ከዚያም ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ቤት እንደገባሁ ቀጥ ብዬ እትዬ ዘውዴ ጋ ሄድኩ። ነገሩን ሳልጨርስ "አውቃለሁ ልጄ" አሉኝ። "ጠዋት የጠረጴዛው ሰዓት ሲደውል ከነካሁት ነው የሚነሳ። ወፍ ስትንጫጫ ዛሬ ወፎቹ የት ሄዱ ይለኛል። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭኑ ነው የጠፋበት። እንዴት ብዬ ልንገረው? የሰው ልጅ እንጀራ ግን በእኛ ቤት አይዘጋም።" ትንሽ አሰቡና "እሁድ ደሴ ሸክላውን ይዞ ይምጣ" አሉ። ምን እንዳሰቡ አልነገሩኝም።

እሁድ መጣ። እትዬ ዘውዴ ከወትሮው ከበሩ አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ተነስተው ማጫወቻው ያለበት ጠረጴዛ ጎን ተቀመጡ።

"እሸቴ፣ ዛሬ እኔ ልግጠምልህ። አንተ ዓይንህን ጨፍን፤ የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ፍረድ" አሉ።

ጋሽ እሸቴ ደስ አላቸው። "ይህ ነው ሳይንስ ማለት! ምነው እስከዛሬ እኔ አላሰብኩት?" ብለው አገጫቸውን ቀና፣ ዓይናቸውን ጭፍን አደረጉ።

እትዬ ዘውዴ የደሴን ሸክላ ገጠሙ። ጊታሩ ጀመረ። ከበሮው ገባ። እኔ የእትዬ ዘውዴን እጅ ነበር የማየው፤ ጣታቸውን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅተዋል። በልጅነት ትዳራቸው ክንዱን የገጩበትን ቦታ ከሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ልክ እዚያ ሲደርስ በጣታቸው አንጓ ጠረጴዛውን መቱት። ኳ፣ ኳ።

የጋሽ እሸቴ ጣት ተነሳች። ፉጨቱ ገባ።

"መጣ!" አሉ። ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ያልሰሙትን ፉጨት ከዚያች ኳኳታ ተነስተው በልባቸው ያፏጩት ነበር፤ ነባሩንም ሸክላ እስካሁን ሲሰሙ የኖሩት እንዲያ ነበር። አሁን ገባኝ። እትዬ ዘውዴ ያሰቡት ደግሞ ባላቸው ፉጨቱ አለ ብለው ለደሴ እንዲፈርዱ፣ ነገሩም ሳይታወቅ እንዲያልፍ ነው። አንድ ነገር ብቻ ረስተዋል።

"ይሄማ የእኔው ነው" አሉ ጋሽ እሸቴ እየሳቁ። "የአንቺን ኳ ኳ አጥቼው ነው ዘውዴ?" ዓይናቸውን ከፈቱ።

የእሳቸው ሸክላ መሃሉ ቀይ ነው። የሚዞረው ቢጫ ነበር። ቢጫውን አዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ እንደታጠፈች የቀረችውን የሚስታቸውን እጅ አዩ። ሸክላው ይዞራል።

"አንቺ ነሽ?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"ፉጨቱስ?"

"አለ።"

"አሁንም አለ?"

"አሁንም አለ እሸቴ" አሉ እትዬ ዘውዴ።

ጋሽ እሸቴ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠጉ። ቆዩ። ቀና ሲሉ ወደ እኔ ዞሩ። "ስንዱ፣ ይሰማሻል?" "ይሰማኛል ጋሼ።" "አስናቀ?" አስናቀ ራሱን ነቀነቀ። ወደ ደሴ ዞሩ። ደሴ እንደ ተከሳሽ ብድግ ብሎ "እኔ አይሰማኝም!" አለ። "ምንም አይሰማኝም ጋሼ፣ ቆርጠውታል!"

ያን ጊዜ ነው ጋሽ እሸቴ የሳቁት። እያለቀሱ ሳቁ። "ደሴ" አሉት፣ "ነጋዴስ ነህ፤ መዋሸት ግን አትችልበትም።"

ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ጋዋናቸውን እንደለበሱ ፒያሳ ወጡ። እኔም ወደ ሆስፒታል ስለምሄድ አብሬያቸው ነበርኩ። ቡና ቤቶቹን አንድ በአንድ ገቡባቸው። በየአንዳንዱ በር ላይ ቆመው አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ። "የደሴ ሸክላ ጤነኛ ነው። የሞተው የእኔ ጆሮ ነው።" የሳቀ አለ። ወንበር ሊያቀርብላቸው የተሯሯጠ አለ። አንዱ ባለ ቡና ቤት ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ፣ እየጮኸ፣ "ምነው ጋሼ፣ ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?" አላቸው።

"ደሴ ያውቅ ነበር" አሉት። "ደግሞ አትጩህ፣ ወፍራሙን እሰማለሁ።"

ካርቶኑ ባዶ ሆነ፤ ደሴም ፒያሳ ቀረ። ሰው እንዲህ ካለ በኋላ ማጫወቻውን ይሸፍናል ብዬ ነበር። ጋሽ እሸቴ አልሸፈኑትም። በሚቀጥለው እሁድ መስኮቱን ዘጉ፣ ቆሎውን አነሱ፣ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው "እሺ፣ ንገሩኝ" አሉ። ከዚያ ወዲህ እኛ ጆሮ ሆንን። ቀላል እንዳይመስላችሁ! "ፉጨቱ ሲገባ ይንቀጠቀጣል ወይስ ቀጥ ይላል? ከሩቅ ነው ከቅርብ?" ብለው ያፋጥጣሉ። አስናቀ አንዴ "ሸጋ ነው" ብሎ ሊገላገል ሲል "ሸጋ የሚባል ድምፅ የለም! ምን ትሰማለህ ነው ያልኩህ!" ብለው አፈጠጡበት። እኔ ሙዚቃ መስማት የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። እሳቸው በእኛ አፍ ሰምተው አሁንም "ያቃስታል" ይሉ ነበር፤ አሁንም ደግሞ ልክ ነበሩ። እነዚያን እሁዶች እወዳቸው ነበር። ወደ ደባርቅ ስዛወር ያለቀስኩት ለእነሱ ነው።

ፈቃድ እንዳገኘሁ ለቅሶ ለመድረስ ጎንደር ወረድኩ። እትዬ ዘውዴ ጥቁር ለብሰው፣ ከበሩ አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ሳይሆን ከጠረጴዛው ጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። አቅፌያቸው አለቀስን። አስናቀና ደሴ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ማጫወቻው በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ለቅሶ ቤት ሙዚቃ አይከፈትም። መስኮቱ ተከፍቶ የጋሪው ድምፅ ይገባል። እሳቸው ቢኖሩ ተነስተው ይዘጉት ነበር።

ስለ አሟሟታቸው ጠየቅኩ፤ ነገሩኝ። ስለ ደባርቅ ብርድ ጠየቁኝ፤ ነገርኩ። እትዬ ዘውዴ የተሸፈነውን ማጫወቻ ሲያዩ ቆዩ። አስበውበት ይሁን ሳያስቡት አላውቅም፤ ጣታቸው ታጠፈችና ጠረጴዛው ላይ ኳ፣ ኳ አደረገች።

ደሴ ቀና አለ።

"መጣ" አለ።